ውጅግራውና ዝሆኑ

ከደሴ ግርጌ ከተዘረጋው ገራዶ ጀምሮ እስከ ወረኢሉና ቦረና ድረስ ባለው የወሎ ደጋ፣ አሮጌ ጠመንጃ እንደ መሬትና እንደ በሬ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ንብረት ነው። ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ለበን፣ ምንሽር የሚሉትን ስሞች ጠመንጃዎቹን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ወጣት እንኳ ከሽለላና ከፉከራ ያውቃቸዋል። የእንዲህ ያለ ጠመንጃ ታሪክ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ዓድዋ ዘምቷል፣ ማይጨው ውሏል፣ በአርበኝነቱ ዘመን ዱር ገብቷል ይባላል። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ጠመንጃው በምን ዋጋ ተገዝቶ ወደ አገር እንደገባ፣ ዘመቻ በሌለበት ዓመትስ አፈሙዙ ወደ ማን ዞሮ እንደነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁለቱንም ጥያቄዎች የጠየቀ ሰው ከአንድ እንስሳ ጋር መገናኘቱ አይቀርም፤ እሱም ዝሆን ነው። የእኔ ክርክር የአገራችን አሮጌ ጠመንጃ የአደን ሰነድም ነው የሚል ነው። ዝሆኑን ትቶ የሚጻፍ የጠመንጃ ታሪክ ጎደሎ ነው፤ ይህም ሰነድ ሳናነበው ከእጃችን እየወጣ ነው።

በአውሮፓ ትልቅ አውሬ መግደያ ጠመንጃ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እና 1862 እ.ኤ.አ. በሰቲትና በአትባራ ገባሮች ዳርቻ ሲያድን የያዘው ጠመንጃ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለንደን ውስጥ በጠመንጃ ሠሪው ሆላንድ የተሠራው ይህ መሣሪያ ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም ከ220 ግራም በላይ የሚመዝን ፈንጂ ጥይት ይተኩስ ነበር። ቤከር «ሕፃኑ» ይለዋል፤ አብረውት የነበሩት ዓረቦች ግን «የመድፍ ልጅ» አሉት። ምቱ ተኳሹን ራሱን የሚያሽከረክር በመሆኑ ቤከር የሚያነሣው ሲጨንቀው ብቻ ነበር። በዚያው አገር ግን ጠመንጃ የማያስፈልጋቸው አዳኞች ነበሩ። የሐምራን ነገድ ሰዎች በፈረስ ዝሆኑን ያባርሩና አንዱ ከፊት ሲያታልለው ሌላው ከኋላ ወርዶ በሰይፍ ቋንጃውን ይቆርጠው ነበር። በዚህ አደን ሰው ከዝሆኑ እኩል ሕይወቱን ስለሚያሲዝ በአንድ ወቅት የሚወድቀው ዝሆን ቁጥር በፈረሱ ጉልበትና በሰውየው ድፍረት የተወሰነ ነበር። ሰቲት የእኛው ተከዜ ነው። ቤከር ያደነበት ዳርቻ የዛሬው የቃፍታ ሸራሮ አካባቢ ጎረቤት ሲሆን ቃፍታ ሸራሮም በዝሆን መኖሪያነቱ የታወቀ ነው።

በእኛ ዘንድ ግን የዝሆን ጠመንጃና የጦር ጠመንጃ ተለይተው አያውቁም። ከቤከር በኋላ በ1898 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ሪግቢ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራውን ባለ 450 ካሊበር የዝሆን ጠመንጃ ሲያወጣ፣ መሣሪያው ለባለጠጋ አዳኝ በትእዛዝ የሚሠራ ውድ ዕቃ ነበር። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ አዳኝ ትከሻ ላይ የነበረው ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን በ1874 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይ ጦር የተሰጠውን የባዚል ግራን ጠመንጃ ያመለክታል። አንድ ጎራሽ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር አፍ አለው፤ በጥቁር ባሩድ 25 ግራም እርሳስ ይተፋል። ይህ እርሳስ ከቤከር ጥይት አንድ ዘጠነኛ ያህል ብቻ ቢሆንም ውጅግራ የያዘ አዳኝ ብቻውን አይወጣም ነበር። አዳኞቹ በጭፍራ ሆነው መንጋውን ከበው ስለሚተኩሱ የአንዱን ጥይት ማነስ የሌሎቹ ብዛት ይሞላዋል። በዚህ ዓይነት አደን ቆስሎ የሚሄደው ዝሆን ወድቆ ከሚቀረው ሊበልጥ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ አንድ ውጅግራ ዓድዋ መዋሉን ሰምተን ዝሆን አልተገደለበትም ብለን መደምደም አንችልም። መሣሪያው ለሁለቱም ሥራ የተያዘ አንድ መሣሪያ ነበር።

እነዚህ ጠመንጃዎች እንዴት ደረሱን? በአውሮፓ ልብስ እንደሚለዋወጠው ጠመንጃ ሲለዋወጥ አሮጌው ወደ እኛ ይጓዝ ስለነበር ነው። ሰናድር የሚለው ስም ስናይደር ከሚባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ የመጣ ሲሆን የመጣበትን ስፍራ ወሎ ያውቀዋል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ይህን ጠመንጃ በአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ተኮሰበት። የእንግሊዝን ከባድ መድፎች ወደዚያ አምባ ያደረሱትም ከሕንድ በመርከብ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩ። በዚያ ዘመቻ ዝሆን ለጠመንጃ ጫኝ ሆነ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ለጠመንጃ ዋጋ ከፋይ ሊሆን ነው። ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ፣ ለኋላው አፄ ዮሐንስ፣ 12 መድፎችና ሞርታሮችን ከ850 ያህል ጠመንጃዎች ጋር ትቶ ሄደ። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. በውጅግራው ፈንታ ለበንን ስትቀበል አሮጌው በገፍ ለገበያ ወጣ። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አንኮበር ያደረሰው ጭነት 2,040 ጠመንጃዎችና 60 ሺህ የሬሚንግተን ጥይቶች ነበሩ። ጠመንጃዎቹም በአውሮፓ ጊዜ ያለፈባቸው ባለ ካፕሱል ነበሩ። ያው ራምቦ በኋላ ሐረር ተቀምጦ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ነገደ። የአንዱ ሰው ሕይወት የንግዱን ሁለት አቅጣጫ አሟልቶ ያሳያል፤ ብረት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጥርስ ወደ ውጭ ይወጣል።

የክርክሬ ዋና ምሰሶ እዚህ ላይ ነው። አፄ ምኒልክ በሸዋ ንጉሥነት ዘመናቸውም ሆነ በኋላ ለመሣሪያ የከፈሉት በወርቅ፣ በዝባድ፣ በቡናና በዝሆን ጥርስ ነበር። የገንዘብ ኖት ባልነበረበትና ማርያ ቴሬዛ ብር ከውጭ በሚመጣበት አገር፣ ዓለም ያለ ክርክር የሚቀበለው ሸቀጥ ጥርስ ነበር። በለንደንና በኒውዮርክ የፒያኖ ቁልፍና የቢሊያርድ ኳስ ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ነበርና። ጥርሱ ከጅማ፣ ከከፋ፣ ከኢሉባቦር፣ ከወለጋ ወደ ሸዋ ይመጣል፤ ከዚያም በሐረር አድርጎ ወደ ዘይላ፣ ጅቡቲና ዓደን ይወርዳል። ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ማለፍ አልችልም። በደቡብ ምዕራብ ጥርስ የተጫነበት መንገድ ባሪያ የተነዳበት መንገድም ነበር። የጠመንጃውን ዋጋ ስንቆጥር ይህንንም ከሂሳቡ መፋቅ አይቻልም።

የተለያዩ የታሪክ አዋቂዎች «ጠመንጃውን የገዛው ጥርስ ብቻ አይደለም፤ ብድርም፣ ስጦታም፣ ምርኮም ነበር» ብለው ሊቃወሙ ይችላሉ። እውነት ነው። ከደሴ በስተሰሜን አምባሰል ውስጥ በምትገኘው ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል በአንቀጽ 17 የታወቀ ይሁን እንጂ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ራስ መኮንን ጣሊያን ሄደው ተጨማሪ ውል ፈርመዋል። በእሱም የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተገኘ፤ 28 መድፎችና ከ30 ሺህ በላይ ጠመንጃዎችም መጡ። በዓድዋ የተማረከውም በሺዎች የሚቆጠር ነው። ነገር ግን የዚያ ብድር መያዣ ምን ነበር? የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው። በሐረር ጉምሩክ ደግሞ ከቡናውና ከቆዳው ጋር የዝሆን ጥርስ ያልፍ ነበር። የብድሩን ክር ተከትለን ብንሄድም መጨረሻው ያው ጫካ ውስጥ ነው። ጥርሱ ከጠቅላላው ዋጋ ስንት እጅ እንደሆነ የሚያከራክር ቢሆንም፣ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ መሆኑ ግን አያከራክርም።

አደኑን ያፋጠነው ገበያው ብቻ አልነበረም፤ ክብሩም ነበር። ግዳይ የጣለ ሰው ሲመለስ ዘራፍ ብሎ ይፎክራል፣ ጭንቅላቱን ቅቤ ይቀባል፣ ጆሮውን ተበስቶ ሎቲ ያደርጋል። ዝሆን የገደለ ከአንበሳ ገዳይ ጎን ስሙ ይጠራል። ሥርዓቱ የተወለደው አዳኙ በጦርና በሰይፍ ከአውሬው ጋር በሚተናነቅበት ዘመን ነው፤ ክብሩም የአደጋው ዋጋ ነበር። ውጅግራ ሲገባ አደጋው ቀነሰ፤ ክብሩ ግን እንደነበረ ቀጠለ። በዚያ ላይ ከሚወድቀው ዝሆን ጥርስ አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ለገዳዩ የሚሆንበት ልማድ ነበር። ስለዚህ ገዢው ጠመንጃ ባደለ ቁጥር ጥርስ ያገኛል፤ ጥርስ ባገኘ ቁጥር ጠመንጃ ይገዛል፤ የገዛውን ደግሞ ያድላል። ይህ አዙሪት እንዲቆም የሚፈልግ አካል አልነበረም፤ የሚያቆመው የዝሆኑ ማለቅ ብቻ ነበር። ለእኔ ከጠመንጃው ታሪክ እጅግ የሚያሳስበው ይህ ክፍል ነው፤ ክፉ ሰው ሳይኖርበት፣ እያንዳንዱ ለራሱ ትክክል የመሰለውን እያደረገ፣ አገር ሀብቷን በላች።

ውሎ አድሮ ግን አፄ ምኒልክ ራሳቸው ይህን አይተውታል። በ1901 ዓ.ም. አካባቢ የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ ማውጣታቸው በአገራችን የመጀመሪያው የዱር እንስሳት ሕግ ተብሎ ይጠቀሳል። መሣሪያውን ያስገቡት ንጉሥ መሣሪያው ያደረሰውን ተመልክተው ለመግታት መሞከራቸው አስተዋይነታቸውን የሚመሰክር ነው፤ ጉዳቱ ያን ጊዜ እንኳ ለዓይን ይታይ እንደነበርም ያስረዳል። ደንቡ ግን ከአዲስ አበባ ርቆ አልሠራም። በእነዚያው ዓመታት ከሺህ በላይ ዝሆኖችን የገደለው ስኮትላንዳዊው አዳኝ ቤል በጋምቤላ በጊሎ ወንዝ በኩል እስከ ማደን ደርሷል። ቤል ይህን ያህል የገደለው በቤከር «መድፍ» አልነበረም፤ አብዛኛውን በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር፣ ማለትም ለወታደር በተሠራ ጠመንጃ ነው። ቀጥሎ የመጣው የ1944 እ.ኤ.አ. የአደን አዋጅ ቁጥር 61፣ ከዚያም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተከለሉት ፓርኮች፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ለዝሆን ተብሎ የተቋቋመው የባቢሌ መጠለያ፣ ሁሉም የተረፈውን ለማትረፍ የተደረጉ ናቸው።

ይህን ክርክር የሚሰማ ብዙ ሰው የሚያነሣው ትልቁ ተቃውሞ የክብር ነው። አያቶቻችን በዚያ ጠመንጃ ነፃነታችንን አስከበሩ፤ አሁን ዝሆን ገደላችሁ ብሎ መውቀስ ውለታ ቢስነት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ከልብ ስለሆነ መልሱም ከልብ መሆን አለበት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የራስ ሚካኤልን የወሎ ፈረሰኛ ጨምሮ የዘመተው ሠራዊት በጎራዴና በጦር ብቻ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን እንደነበር በዚያው ዘመን በጠመንጃ የተንበረከኩት የአፍሪካ አገሮች ዕጣ ይነግረናል። ጠመንጃው ያስፈልግ ነበር። ይህን ካመንን ግን ዋጋውን መናገር ድሉን አያሳንሰውም። ስለ ዓድዋ ስናወራ ስንቅ ያቀበለችውን ሴት፣ የተጫነውን በቅሎና የታረደውን በሬ ስናነሣ ማንንም አላዋረድንም፤ እንዲያውም ታሪኩን አሰፋነው። የኢሉባቦር ዝሆንና ጥርሱን የተሸከመው ሰው ከዚህ ዝርዝር የሚቀሩበት ምክንያት የለም። ደግሞም የነፃነቱን ዋጋ የከፈለው አገር ከሰሜኑ ጦር ሜዳ በጣም ርቆ የሚገኘው ደቡብ ምዕራብ መሆኑን ማወቅ፣ ዓድዋ የሁላችን ነው የሚለውን ቃል መሠረት ያስይዘዋል።

ሌላው ተቃውሞ ተግባራዊ ነው። ወሎ በቅርቡ ጦርነት ያሳለፈ አገር ነው፤ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ስለ አሮጌ ጠመንጃ ማውራት ባለቤቱን ያስፈራዋል፣ መሣሪያውም ይወረስብኛል ብሎ ይደብቀዋል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። እኔ የምለው ግን ጠመንጃውን ሰብስቡ አይደለም፤ ጽሑፉን ሰብስቡ ነው። ከአፈሙዙና ከቃታው አጠገብ የታተመው ጽሑፍ ብዙ ይናገራል። የሴንት ኤትየን ማኅተም ያለበት ውጅግራ ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ ራሱ ይመሰክራል፤ የሊዬዥ የፍተሻ ምልክት ያለበት ከቤልጅግ መምጣቱን ይናገራል። ሰደፉ ላይ የተቀረጸ የአማርኛ ፊደል ካለ ደግሞ በማን ግምጃ ቤት እንዳለፈ ፍንጭ ይሰጣል። ለዚህ መሣሪያውን ከቤቱ ማውጣት አያስፈልግም፤ ፎቶግራፍ ማንሣትና የቤተሰቡን ቃል መጻፍ ይበቃል። የባለቤቱ ስም ተሰውሮ ሊያዝም ይችላል።

ይህ ሥራ ለነገ ሊቆይ የማይችልበት ምክንያት አለ። በአሜሪካ ሕግ ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ስለሆነ እንደ ዘመናዊ መሣሪያ ቁጥጥር አይደረግበትም። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ ውጅግራዎች፣ ሬሚንግተኖችና የጣሊያን ጠመንጃዎች እዚያ ለሰብሳቢዎች በብዛት ተሽጠዋል። ገዥው ከእንጨቱ ላይ የአንድን ዘመን ቅባትና ጭስ ጠርጎ ማኅተሙን ያነብባል፤ የፋብሪካውን ታሪክ ከእኛ የበለጠ ያውቃል። የማያውቀው ጠመንጃው እኛ ዘንድ የኖረበትን መቶ ዓመት ነው። ያን የሚያውቀው ባለቤቱ ነበር፤ ሲሸጥ ግን ማንም አልጠየቀውም። አሮጌ መሣሪያ መሸጡ በራሱ ወንጀል ነው አልልም፤ መጋዘን የሞላ ዝገት መያዝም ዋጋ ይጠይቃል። ነገር ግን ቁጥሩ ሳይመዘገብ፣ የመጣበት ሳይጻፍ መውጣቱ መዝገብ ቤትን ገጹን ሳይገልጡ በኪሎ እንደመሸጥ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለው አገር ይህን ማድረግ አልነበረበትም። በአገር ውስጥ የቀረውም ደኅና አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው በዚያ ቤት የተሰበሰበ የወሎ ቅርስ ተበትኗል። ዝርዝሩና ፎቶው በሌላ ስፍራ የተያዘ ዕቃ ቢሰረቅ እንኳ ይፈለጋል፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ግን ሲጠፋ መጥፋቱም አይታወቅም።

«አደኑ የመኳንንት ነበር፤ የገራዶ ገበሬ ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ግማሽ መልሱን ጠመንጃው ራሱ ይሰጣል። በገበሬው ቤት የተገኘው ውጅግራ ወይ በዘማች አባት ወይ በግዢ ወይ በሹመኛ ስጦታ የመጣ ነው። ዘማቹ ደቡብ ሄዶ ከሆነ ግዳይ ጥሎ ይሆናል፤ ካልሄደም ጠመንጃው ከእርሱ በፊት ሌላ እጅ ላይ ነበር። ይህን የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው፤ የአባቶቻቸውን ወሬ በልጅነታቸው ሰምተዋልና። ዝሆኑን ያየ ሰው የለም፤ ያየውን የሰማ ግን አለ። እሱም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሦስት ወገን ነው። የደሴ ሙዚየም እንደገና ሲደራጅ ከእያንዳንዱ አሮጌ ጠመንጃ ሥር የሚለጠፈው ጽሑፍ ጦርነቱን ብቻ አይናገር፤ የት ተሠራ፣ በየትኛው ወደብ ገባ፣ በምን ተገዛ፣ ምን ተገደለበት የሚለውንም ይጻፍ፤ ከአጠገቡም የዝሆኑን አገር የሚያሳይ ካርታ ይሰቀል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ አንድ ወረዳ መርጠው በየቤቱ ያሉትን አሮጌ ጠመንጃዎች ማኅተምና ታሪክ ይመዝግቡ። አሮጌ ጠመንጃ በቤታችሁ ያለ የገራዶ፣ የኩታበርና የቃሉ ሰዎች ደግሞ፣ የአባታችሁን ወሬ የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ፣ ጠመንጃው ከማን እጅ እንደመጣ ጠይቁትና በራሳችሁ ደብተር ጻፉት።